የደቡብ አፍሪካው ጥምር መንግሥት በምን ይጣላል? በምንስ ይስማማል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ደቡብ አፍሪካው ጥምር መንግሥት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እዚህ አገር ኪራዩም ፔፐሩም (የስደተኛ የመኖሪያ ወረቀቱም) የሚቆጠረው በሱ ስለሆነ።

ለማስታወስ ያህል፣ ሜይ 29 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ1994 ጀምሮ ይዞት የኖረውን አብላጫ አጣ። ድምፁ ወደ 40 ከመቶ ወረደ፤ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ ቀረው፣ ቀድሞ 230 ነበረው። ዲኤ 87፣ የዙማ ኤምኬ 58፣ የማሌማ ኢኤፍኤፍ 39 አገኙ። የኤኤንሲው ፕሬዚዳንት ራማፎሳም ከዙማ ጋር ከመታረቅ ዲኤን፣ ኢንካታንና ትንንሾቹን ሰብስቦ የአሥር ፓርቲ መንግሥት አቆመ። ሁሉም እንዳይቀየም ሲባል ካቢኔው 32 ሚኒስትርና 43 ምክትል ሚኒስትር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጆሯችን የሚሰማው ጠባቸውን ነው። በቤላ የትምህርት ሕግ ተጣሉ፣ በጤና መድኑ ተጣሉ፣ በመሬት ሕጉ ተጣሉ፣ በበጀቱማ ፍርድ ቤት ደረሱ። በአንድ ነገር ሲጣሉ ግን አላየሁም፤ በውጭ ዜጋ ሱቅ። በ2024 መጨረሻ ሱቅ ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ብሎ በቴሌቪዥን ያወጀው የኤኤንሲው ራማፎሳ ነው። የምዝገባውን መተዳደሪያ ደንብ ያወጣው የኢንካታው ሚኒስትር ህላቢሳ ነው። ፔፐራችንን የያዘው ሆም አፌርስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) የዲኤው ሽሬይበር እጅ ነው። የፓትሪዮቲክ አሊያንስ ፓርቲው የስፖርት ሚኒስትር ማኬንዚ ደግሞ ለምርጫ የወጣው ስደተኞች ይውጡ የሚል መፈክር ይዞ ነው። አራት ፓርቲ፣ አንድ ሐሳብ። እንግዲህ ጥምረቱ ቢቆምስ ቢፈርስስ ለእኛ ምን ይለውጣል? እስቲ የምታውቁ ተናገሩ።

(ከዚህ በታች ያለው የመጡት መልሶች ናቸው። የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ስድቡም ስለበዛ፣ አሁን ለምትገቡ ሰዎች ቃል በቃል ሳላመጣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጬዋለሁ።)

መልስ 1

ከኬፕታውን የሚጽፍ ወንድም ነው። በጨዋ ደንብ ሰላምታውን ካቀረበ በኋላ፣ ለመንግሥቱ ምንም ምስጋና አለመስጠቴ ቅር እንዳሰኘው ጻፈ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋና ወተት በየሳምንቱ ይበላሽበት እንደነበር፣ ጄነሬተር መግዣ ስላጣ ማታ በሻማ ይሸጥ እንደነበር አስታወሰ። ጥምር መንግሥቱ ከመጣ ወዲህ መብራት ስለማይጠፋ ለሱ ትልቁ ፖሊሲ ይኼ ነው።

መልስ 2

አጭር እርማት ነው። መብራት በፈረቃ ማጥፋቱ የቆመው ማርች 26 ቀን 2024 ነው፤ ማለትም ከምርጫው ሁለት ወር ቀድሞ፣ ኤኤንሲ ብቻውን ሲገዛ። በ2025 መጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ጥቂት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ስለዚህ ምስጋናውን ለጥምረቱ መስጠት የሌላውን ማር መቁረጥ ነው ባይ ነው። የኬፕታውኑ ልጅ አልተከራከረም፤ ማንም ያምጣው ማን ሥጋዬ አልተበላሸም ብሎ አለፈ።

መልስ 3

ይኼን በደንብ አንብቡት። ከፕሪቶሪያ የሚጽፍ፣ ለሐበሻ ነጋዴዎች ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነው፤ የበጀቱን ነገር ከሥሩ አስረድቶናል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎዶንግዋና ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025 በጀቱን ሊያቀርብ ሰዓታት ሲቀሩት ተሰረዘበት፤ ምክንያቱም ቫትን ከ15 ወደ 17 ከመቶ ማውጣት ፈልጎ ዲኤ እንቢ አለ። በማርች ቀነስ አድርጎ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ በግማሽ ነጥብ 16 ይግባ ብሎ ተመለሰ። ኤፕሪል 2 ቀን ፓርላማው 194 ለ182 አሳለፈለት፤ መንግሥት ውስጥ ያለው ዲኤ ከተቃዋሚ ጋር ሆኖ እየተቃወመ። ከዚያ ዲኤም ኢኤፍኤፍም ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጭማሪው ሊጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚኒስትሩ ራሱ አነሳው። ሦስተኛው በጀት የቀረበው በሜይ 21 ነው።

ይኼ እኛን የሚነካን እንዴት ነው ለሚል ሰው ደግሞ እንዲህ አስረዳ። አብዛኛው የሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ሱቅ የዓመት ሽያጩ ሕጉ ካስቀመጠው ወሰን በታች ስለሆነ ለቫት የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ካልተመዘገበ ደግሞ ለሆልሴሉ (ለጅምላ አከፋፋዩ) የከፈለውን ቫት ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ ቫት በጨመረ ቁጥር ጭማሪውን ወይ ባለሱቁ ይውጠዋል፣ ወይ የሳሙናውና የዘይቱ ዋጋ ላይ ይወጣል። ቆሎም ብስኩትም በቁጥር ለሚገዛ ደንበኛ ዋጋ ጨምሮ ማየት ነው እንግዲህ። የሒሳብ ሠራተኛው መደምደሚያ፣ የእነሱ ጠብ አንዳንዴ ለእኛ እንጀራ ነው፤ ኤኤንሲ ብቻውን ቢሆን ኖሮ 17 ከመቶ እየከፈልን ነበር።

መልስ 4

ሁለት መስመር ነው። ዲኤ ቫቱን የተቃወመው ለድሃ አዝኖ ሳይሆን በሌሎቹ ሕጎች ላይ ለመደራደር ነው አለ። ይሆናል። ፖለቲከኛ ለምን እንዳደረገው ለማወቅ ልቡ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ቫቱ ግን 15 ላይ ቀርቷል።

መልስ 5

ሶዌቶ አጠገብ ሱቅ ያላት እህታችን ናት፣ የክሩን መንገድ የቀየረችውም እሷ። በቴሌቪዥን የታወጀው ምዝገባ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ ምን እንደሚመስል ጻፈች። ከንጋቱ በፊት ሰልፍ ይያዛል፣ ዘበኛው በወረቀት ቁጥር ያድላል፣ ቁጥር ያላገኘ ነገ ይመለሳል። መስኮቱ ሲደርሱ የሚጠየቀው የድርጅት ምዝገባ፣ የግብር ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የእሳት አደጋ ማረጋገጫ፣ ቤቱ ለንግድ የተፈቀደ ቦታ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ የአከራይ ፊርማ ነው። የእሷ አከራይ አሮጊት ናቸው፤ ፊርማው ቤቴን ያስወስድብኛል ብለው ፈርተው ኪራይ ካልጨመርሽ አልፈርምም አሏት። ጨመረች። ተመልሳ ስትሄድ ሠራተኛዋ ፔፐሯን ገልብጣ አይታ፣ ሊያልቅ ሦስት ወር ነው የቀረው፣ አሳድሰሽ ነይ ብላ መለሰቻት።

ከዚያ ወደ ነገሩ ሥር ገባች። ምዝገባው የመጣው በጋውቴንግ ሕፃናት ስለሞቱ ነው፤ ራማፎሳ ራሱ የ22 ሕፃናትን ሞት ጠቅሶ ነው ያወጀው። ናሌዲ ሰፈር ስድስት ልጆች ባንድ ጊዜ ሲሞቱ በምርመራ የተገኘው ተርቡፎስ የሚባል የእርሻ ፀረ ተባይ ነው፤ ቤት ውስጥ ፈጽሞ መግባት የሌለበት። ሰው ግን ለአይጥ ብሎ ከመንገድ ላይ በትንንሽ ከረጢት ይገዛዋል። አይጡ የበዛው ማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ ስለማያነሳ ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይኼ ነው አለች። ቆሻሻውን ያላነሳ፣ መርዙን ያላገደ መንግሥት መጥቶ የሱቅ በር ይዘጋል። ካቢኔው ተርቡፎስን ለማገድ የወሰነው ሱቆቹ ተዘግተው ካለቁ በኋላ በ2025 አጋማሽ መሆኑን ጨምራ አስታወሰች።

መልስ 6

እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። በሆልሴል ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ልጆች ሞተው ስለ ፎርም ታለቅሳላችሁ ብሎ ጀመረ። ከእኛም ውስጥ ሱቁ ውስጥ የሚተኛ፣ ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ ቀኑን ፍቆ የሚሸጥ፣ ዳቦና የበረሮ መርዝ አንድ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ እንዳለ፣ ይኼንንም በዓይኑ እንዳየ ጻፈ። አገሬው በቁጣ ቢመጣ ጥፋቱ የማን ነው ባይ ነው። ነገሩ እውነት አለው፤ አነጋገሩ ግን አቃጠለ።

መልስ 7 እስከ 10

ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ በግማሽ ዋጋ የሚያከፋፍለን ማን ሆነና ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላመጣውም። አንዱ ሌላውን በድንበር ከተማዋ በሙሲና በኩል በእግሩ የገባ ብሎ ሰደበው፤ ተሰዳቢው ደግሞ አንተስ በአውሮፕላን መጥተህ ምን ሆንክ ብሎ መለሰ። ከዚህ ቤት ግማሹ በዚያው መንገድ የመጣ ስለሆነ ስድቡ ማንን እንደነካ እግዜር ይወቀው።

መልስ 11

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሊምፖፖ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ልጆቹን ገሠጹ፤ እርስ በርስ የምትባሉትን ያህል ማኅበራችሁን ብታጠናክሩ አሉ። ከዚያ ማንም ያላነሳውን ነገር አነሱ። በ2012 ሊምፖፖ ውስጥ ፖሊስ ኦፕሬሽን ሃርድስቲክ በሚል ዘመቻ የስደተኛ ሱቆችን በጅምላ ዘግቶ ዕቃ ጭኖ ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ የሶማሌዎቹ ማኅበርና የእኛው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አብረው ከሰሱ። ታች ተሸነፉ፣ ይግባኝ አሉ፤ በሴፕቴምበር 2014 ብሉምፎንቴይን ያለው ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ለሱቅ ፈቃድ የማመልከት መብት አለው ብሎ ፈረደ። ጋሼ እንደሚሉት ያ ፍርድ እስካሁን ሕያው ነው፤ ሚኒስትር ያወጣው የማዘጋጃ ቤት ደንብ ከሱ በላይ ሊሆን አይችልም። የፍርዱን ኮፒ ከፔፐር ጋር አጣጥፎ መያዝ ነው አሉ።

መልስ 12

ለጋሼ በአክብሮት የተሰጠ ማስተካከያ ነው። ፍርዱ የሚጠቅመው ፔፐሩ ያልተቃጠለበትን (ቀኑ ያላለፈበትን) ሰው ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ደግሞ የተሻሻለው የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ጠያቂ የመሥራት መብቱ ፔፐሩ ላይ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ያልተጻፈለት ሰው ፍርዱን ይዞ ቢቀርብ መስኮቱ ላይ የሚሰማው የለም። ጋሼ አመስግነው ተቀበሉ፣ ግን ለዚህም ቢሆን ጠበቃ አለ ብለው አልለቀቁም።

መልስ 13 እና 14

አንዱ ሽሬይበርን አሞገሰ፤ ሆም አፌርስ ለዓመታት የተከመሩ ከ306,000 በላይ የቪዛ ማመልከቻዎችን ጨርሻለሁ ማለቱን፣ ሥራውን ወደ ዲጂታል እየቀየረ መሆኑን ጠቅሶ፣ ከጥምር መንግሥቱ ሚኒስትሮች ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው አለ። ሌላው ወዲያው መጣበት። የተጠረገው ክምር የቪዛ ነው፤ የጥገኝነት አይደለም። ፕሪቶሪያ ያለውን የጥገኝነት ቢሮ፣ ማራባስታድ ሄዶ ያላየ ሰው አያውቅም፤ በኢሜይል የተላከው የማደሻ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ፔፐሩ ይቃጠላል፣ ፔፐሩ ሲቃጠል ባንኩ ሒሳቡን ይዘጋል፣ ሒሳቡ ሲዘጋ ለሱቅ ምዝገባ የሚጠየቀው የባንክ ወረቀት ይጠፋል። አንዱ ቢሮ የፈታውን ሌላው ይቋጥረዋል። በእኔ አስተያየት ከክሩ ሁሉ ፖሊሲን እንደ ፖሊሲ ያየው ይኼ መልስ ነው፤ አዋጁን ሳይሆን አዋጁ ሰው ላይ የሚያልፍበትን መንገድ ተከትሏል።

መልስ 15 እስከ 17

ወጣ አለ ነገሩ። ትራምፕ መጣ። የመሬት ሕጉ በጃንዋሪ 2025 ሲፈረም አሜሪካ ዕርዳታ ማቋረጧ፣ አምባሳደሩን ራሱልን ማባረሯ፣ በኦገስት 30 ከመቶ ታሪፍ መጣሏ፣ በኖቬምበር የጆሀንስበርጉን የጂ20 ጉባኤ መቅረቷ ተነሳ። አንዱ በሜይ 2025 ወደ አሜሪካ በጥገኝነት የተጫኑትን 59 አፍሪካነሮች አስታውሶ፣ እነሱ በሳምንታት የጨረሱት ጉዳይ እኛን ማራባስታድ ዓመታት ስለሚፈጅብን የሞሉትን ፎርም ኮፒ ቢልኩልን ብሎ አሳቀን። ከዚያ አንድ ሰው የአዲስ አበባን ፖለቲካ ሊያስገባ ሲሞክር የቤቱ አስተዳዳሪ ለሱ ሌላ ክር አለ ብሎ ዘጋው። ጥሩ አደረገ፤ ያ ከገባ መውጫ የለውም።

መልስ 18

ከጥምረቱ ዕድሜ ጋር የተያያዘው ጥያቄ ዋናውን መልስ ያገኘው እዚህ ነው። ጸሐፊው ቁጥሩን ደመረ። ኤኤንሲና ዲኤ አብረው 246 ናቸው፤ ለማለፍ 201 ይበቃል። ግን ኤኤንሲና ኤምኬም 217 ይሆናሉ። ማለትም ኤኤንሲ ዲኤን የያዘው ሌላ በር ስላጣ አይደለም፤ ራማፎሳ ያን በር ስላልፈለገ ነው። ራማፎሳ ደግሞ ዘላለም አይኖርም፤ የኤኤንሲ የመሪ ምርጫ ጉባኤ በዲሴምበር 2027 ነው፤ ምክትሉ ማሻቲሌ ተራዬ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጥምረቱ እስከዚያ እየተነታረከ ይዘልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚወስነው ራማፎሳን የሚተካው ሰው ነው የሚል ግምት ሰጠ። እኔም ከዚህ የተሻለ ግምት አላነበብኩም።

መልስ 19 እና 20

አንዱ ተቃወመ፤ ማንም መጣ ማን ኤኤንሲ ዲኤን ቢያባርር ራንዱ ስለሚወድቅ አይደፍሩም አለ። አገሪቱ በኦክቶበር 2025 የገንዘብ ማጠብ ቁጥጥራቸው ደካማ ነው ከሚባሉ አገሮች ግራጫ ዝርዝር መውጣቷን፣ በኖቬምበርም ኤስ ኤንድ ፒ የብድር ደረጃዋን ከፍ ማድረጉን ማስረጃ አደረገ። የሚቀጥለው ሰው ደረጃው ከፍ ያለው ለባለ ቦንድ ነው፣ ሥራ አጡ አሁንም ከመቶ 32 ገደማ ነው፣ ሥራ አጥ የሆነ ጎረምሳ ደግሞ የኤስ ኤንድ ፒን ወረቀት ሳይሆን የእኔን ሱቅ ነው የሚያየው አለ።

መልስ 21

ከደርባን። በ2025 አጋማሽ ማርች ኤንድ ማርች የሚባለው የፀረ ስደተኛ ንቅናቄ ሰዎች በየክሊኒኩ በር ላይ ቆመው መታወቂያ ሲጠይቁ ሚስቱን ለእርግዝና ክትትል ይዞ ሄዶ ነበር። ጥበቃው ያያል፣ ነርሷ በመስኮት ታያለች፣ ማንም አይናገርም። ሴትየዋ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ብታሳይም፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም የአገሬው ስላልሆነ መልሰዋቸዋል። የክሊኒኩን ስም አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 የጆሀንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦፕሬሽን ዱዱላ የሚባለው ሌላው ፀረ ስደተኛ ቡድን እንዲህ ያለውን እንዳያደርግ ማገዱን ሰምቶ ደስ ብሎታል፤ የሚያስፈጽመው ፖሊስ ግን ያው ያን ቀን ቆሞ ያየው ነው ብሎ ጨረሰ።

መልስ 22

የእኔን መነሻ በቀጥታ የነካው ይኼ ነው፤ ቃሉም ስል ነበር። በስደተኛ ላይ የተስማማው ጥምረቱ ብቻ እንደሆነ አድርጌ መጻፌ ሞኝነት ነው አለ። ድንበር ይከፈት የሚለው ማሌማ እንኳ በጃንዋሪ 2022 ሬስቶራንት ለሬስቶራንት እየዞረ የውጭ ዜጋ ሠራተኛ ሲቆጥር ማን ረሳው? ስለዚህ ከጥምረቱ ውጭም ወዳጅ የለንም፤ ወዳጃችን ሕገ መንግሥቱና ዳኛው ብቻ ናቸው።

መልስ 23 (የእኔ)

ማሌማን አልረሳሁትም። ልዩነቱ ግን አለ፤ ማሌማ ሬስቶራንት ገብቶ ቢቆጥር ወጥቶ ይሄዳል፣ ሚኒስትር ደንብ ሲያወጣ ግን በየመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ያን ደንብ ይዞ ለዓመታት ይቀመጣል። የጠየቅኩት ብዕሩን ስለያዙት ነው። ዳኛውን በተመለከተ ግን እስማማለሁ፤ የመልስ 5ን እህት ሰልፍ ግን ዳኛ አያሳጥርላትም።

መልስ 24 እስከ 27

ወደ አካባቢ ምርጫው ዞርን፤ በሕግ ከኖቬምበር 2026 መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ መደረግ አለበት። ጄፒ (ጆሀንስበርግ ያለው የሐበሻ ንግድ ሰፈር) ያሉት ልጆች ስለ ሄለን ዚሌ ተከራከሩ፤ የኬፕታውን ከንቲባ የነበረችው አሁን ለጆሀንስበርግ በዲኤ ዕጩ ናት። አንዱ ሕግ የምታስከብር ሰው ብትመጣ ይሻላል፣ ቢያንስ በየሳምንቱ የለስላሳ መግዣ እያሉ ጉቦ የሚቀበሉን ይቀንሳሉ አለ። ሌላው ሕጉ በትክክል ከተከበረ ጄፒ ላይ ግማሹ ፎቅ አንድ ቀን አያድርም፤ የእሳት መውጫ የለው፣ ፈቃድ የለው፣ እኛ የምንኖረው ሕጉ ስለማይከበር ነው ብሎ መለሰለት። ከሁሉ የሚመረው መልስ ይኼ ነበር፣ ማንም አላስተባበለውም። ሦስተኛው በኦክቶበር 2025 ከተማው ከመሀል ከተማ ያነሳቸውን የመንገድ ነጋዴዎች አስታወሰ፤ እነሱም ፍርድ ቤት ሄደው ነው ከተማው መዝግቦ እንዲመልሳቸው የታዘዘው፣ አብዛኞቹም የአገሬው ሰዎች ነበሩ። አራተኛው ስለ አንድ የታክሲ መስመር ጠየቀ፤ ክሩን የተሳሳተ መሰለኝ።

መልስ 28

የመልስ 5 እህት ተመልሳ መጣች። ፔፐሯ ታድሶላት ምዝገባውን ጨርሳለች። ለሚሄዱ ሰዎች ምክሯ ይኼ ነው፦ የኪራይ ውሉ አከራዩ ባሉበት ይፈረም፤ ኮፒው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማኅተም ይመታበት፤ ፔፐሩ ሊያልቅ ሳይቃረብ ማደሻው ቀደም ብሎ ይላክ፤ ማመልከቻ ስታስገቡ መቀበያ ቁጥር ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሡ፤ ለተቆጣጣሪ የምታሳዩት እሱን ነውና። ከሆልሴሉ ሰውዬ ጋርም በውስጥ መስመር ተነጋግረዋል መሰለኝ፣ መርዙንና ዳቦውን ለየብቻ የማስቀመጥ ነገር ትክክል ነው፣ ተቆጣጣሪዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው ብላ ጽፋለች።